ምርጡ እሱ ከሆነ ለምን ይከፍላል?

አዲስ ስልክ ከካርቶኑ ስታወጡ የምታደርጉትን አስታውሱ። ቋንቋ ትመርጣላችሁ። ዋይፋይ ታገናኛላችሁ። አሻራችሁን ታስመዘግባላችሁ። ስልኩ የማይጠይቀው ነገር የለም፤ የፊደሉን መጠን እንኳ ሳይቀር ያስመርጣችኋል። ከዚያ ብሮውዘሩን ከፍታችሁ አንድ ነገር ትጽፋላችሁ፣ መልሱም ከተፍ ይላል። በዚህ ሁሉ መሃል «በየትኛው መፈለጊያ ልፈልግላችሁ?» ያላችሁ የለም። እሱ ስልኩ እጃችሁ ከመግባቱ በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው። ገንዘብም ተከፍሎበታል።

ስንት? ጉግል በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ገንዘቡ የሄደው ለስልክ አምራቾች፣ ለብሮውዘር ባለቤቶችና ለቴሌኮም ኩባንያዎች ነው። በምላሹ የጉግል መፈለጊያ በየስልኩና በየብሮውዘሩ አስቀድሞ ተቀምጦ ይጠብቀናል። የቴክኖሎጂ ሰዎች ይህን «ዲፎልት» ይሉታል። ለአፕል ብቻ በ2022 ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ደርሶታል። ጉግል በአፕል ብሮውዘር በሳፋሪ በኩል ከሚያገኘው የፍለጋ ማስታወቂያ ገቢ 36 በመቶውን ለአፕል ይሰጣል። ይህ ቁጥር ምስጢር ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ጉግልን በከሰሰበት ችሎት ላይ ያመለጠው ጉግል ራሱ ካቀረበው የኢኮኖሚ ባለሙያ አፍ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጉግል «ሰው የሚመርጠን ምርጥ ስለሆንን ነው» ይላል። ምርጡ እሱ ከሆነ ታዲያ ለምን ይከፍላል?

የጉግልን መልስ ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም፤ ክብደት አለው። በ2021 የኩባንያው ጠበቃ አውሮፓ ፍርድ ቤት ቆሞ በማይክሮሶፍት መፈለጊያ በቢንግ ላይ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ቃል «ጉግል» ነው ብሎ ተከራክሯል። የፋየርፎክስ ብሮውዘር ታሪክም አለ። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ በ2014 አሜሪካ ውስጥ ጉግልን ትቶ ያሁን ዲፎልት አደረገ። ብዙ ተጠቃሚ ወደ ቅንብሩ ገብቶ በገዛ እጁ ወደ ጉግል ተመለሰ። በ2017 ሞዚላም ተመለሰ። ስለዚህ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሰጡትን ሁሉ ይወስዳል ማለት አይቻልም።

ግን ሌላኛውን ቁጥር ተመልከቱ። ኤጅ በሚባለው የማይክሮሶፍት ብሮውዘር ላይ ዲፎልቱ ቢንግ ነው። እዚያ ከሚደረገው ፍለጋ 80 በመቶ ያህሉ በቢንግ ይካሄዳል። ከኤጅ ውጪ ባለው ሰፊ ገበያ ግን ቢንግ እዚህ ግባ የሚባል ድርሻ የለውም። ቢንግ ያው ቢንግ ነው። የተለየው የተቀመጠበት ቦታ ነው። የኤጅ ተጠቃሚዎች ቁጭ ብለው አወዳድረው ቢንግን የመረጡ ሰዎች አይመስሉኝም። አብዛኞቹ ምንም አልመረጡም። ቅንብር ከፍቶ፣ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ፣ ይህን አጥፍቶ ያንን ማብራት ሥራ ነው። ማን ጊዜ አለው?

ዳኛ አሚት ሜህታ ነሐሴ 5 ቀን 2024 ዋሽንግተን ላይ የሰጡት ፍርድ እዚህ ነጥብ ላይ ያረፈ ነው። ጉግል በፍለጋ ገበያ ሞኖፖሊ ነው፣ ሞኖፖሊነቱንም ለማስጠበቅ ሕግ ጥሷል ብለዋል። ድርሻው በ2020 ከጠቅላላው ፍለጋ 90 በመቶ ገደማ፣ በሞባይል ላይ ደግሞ 95 በመቶ ገደማ ነበር። ጥፋቱ ግን ድርሻው አይደለም። ትልቅ መሆን በአሜሪካም በአውሮፓም ወንጀል ሆኖ አያውቅም። ጥሩ ሠርቶ ገበያውን የያዘ ሰው አይከሰስም፣ መከሰስም የለበትም። ጥፋቱ ሌላው ገበያ የሚገባበትን በር በውል መዝጋቱ ነው።

በሩ ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? መፈለጊያ በአጠቃቀም የሚሻሻል ነገር ስለሆነ ነው። ሰው በፈለገና በነካ ቁጥር ሲስተሙ ይማራል። የትኛው መልስ ተነካ? የትኛው ታለፈ? ስትሳሳቱ ምን ብላችሁ አረማችሁት? ብዙ ሰው ያለው ብዙ ይማራል፣ ብዙ የተማረው ይሻላል፣ የተሻለው ብዙ ሰው ያገኛል። «ላለው ሁሉ ይሰጠዋልና ይበዛለትማል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ተፎካካሪው በተቃራኒው የሚማርበት ሰው የለውም፤ ስለማይማር አይሻልም፤ ስለማይሻል ሰው አይመጣለትም። ከዚያ ዞር ብለን «ያው ደካማ ነው» እንለዋለን። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ገና እግር ያላወጣውን ልጅ መንገድ ዘግቶበት መራመድ አይችልም ብሎ መፍረድ ነው።

በመልእክት አፖች ላይ ነገሩ ይብሳል። እኔ ራሴ አንዴ አፕ ልቀይር ብዬ ተነስቼ ነበር። አዲሱ ቀለል ያለ፣ ማስታወቂያ የሌለው፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነበር። ሦስት ጓደኞቼን አሳመንኩ። የቤተሰቡ ግሩፕ ግን እዚያው ቀረ። የሥራውም ቀረ። መጀመሪያ ሁለቱንም እከፍት ነበር። ቀስ በቀስ አዲሱን መክፈት ረሳሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንዷ ጓደኛዬ በአሮጌው አፕ ላይ «እዚያኛው ላይ ጽፌልህ አላየኸውም እንዴ?» አለችኝ። ነገሩ በዚያው አበቃ። አሮጌው የተሻለ ስለሆነ አልተመለስኩም። ሰዎቼ ያሉት እዚያ ስለሆነ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የኔትወርክ ውጤት የሚሉት ይህንን ነው፤ የአንድ ነገር ዋጋ የሚለካው በውስጡ ባለው ሰው ብዛት ሲሆን ማለት ነው።

እንግዲህ የውድድር ሕግ ከዚህ ጋር የሚታገለው በድሮ መሣሪያ ነው። የአሜሪካው ሸርማን ሕግ የወጣው በ1890 ነው። ያኔ ፍርሃቱ የባቡር፣ የነዳጅና የስኳር ከበርቴዎች ነበሩ። የነዳጁ ኩባንያ ስታንዳርድ ኦይል በ1911 ወደ 34 ኩባንያዎች የተበተነው በዚሁ ሕግ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን በተለይ ሮበርት ቦርክ የተባሉት የሕግ ሰው ያራመዱት አስተሳሰብ ፍርድ ቤቶቹን ያዘ። መለኪያው የሸማቹ ጥቅም ይሁን ተባለ። በተግባር ሲታይ ጥያቄው ወደ አንድ ነገር ጠበበ፦ ዋጋ ጨመረ ወይስ አልጨመረም?

ፍለጋ በነፃ ነው። መልእክት በነፃ ነው። ካርታው፣ ኢሜይሉ፣ ቪዲዮው በነፃ ነው። ዜሮ ዋጋ እንዴት ይጨምራል?

ይጨምራል፤ ግን እኛ በማናየው በኩል። ሚያዝያ 17 ቀን 2025 ዳኛ ሊዮኒ ብሪንክማ በሌላ መዝገብ ጉግል በኢንተርኔት ማስታወቂያ ቴክኖሎጂም ሕግ ጥሷል ብለው ፈርደዋል። አንድ ድረ ገጽ ስትከፍቱ፣ ገጹ ተጭኖ ሳያልቅ፣ በዓይን ጥቅሻ ጨረታ ይካሄዳል። ባዶዋን የማስታወቂያ ቦታ ማን ይግዛት? ጉግል የገጹ ባለቤት ቦታውን የሚሸጥበት መሣሪያ አለው። ጨረታው የሚካሄድበት ገበያም የእሱ ነው። አስተዋዋቂው የሚገዛበት መሣሪያም አለው። ሻጭን ይወክላል፣ ገዢን ይወክላል፣ ገበያውንም ይመራል። ከጨረታው ገበያ ብቻ 20 በመቶ ያህል ይቆርጣል። ያ 20 በመቶ ከማን ኪስ ይወጣል? ከዜና ድረ ገጹና ከአስተዋዋቂው። ከዚያም በዜናው ጥራትና በዕቃው ዋጋ በኩል ዞሮ እኛው ዘንድ ይመጣል። ደረሰኝ ስለሌለው ነው ነፃ የሚመስለን።

ይህ ሁሉ አዲስ ዘመን ያመጣው ጣጣ ይመስላል። አይደለም። እኔ ይህን ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ የስልክ ክዳን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስልክ ማለት ኤቲ ኤንድ ቲ ማለት ነበር። መስመሩ የእሱ፣ ቤታችሁ ያለው ስልክ ሳይቀር የእሱ ንብረት ነበር። ሀሽ ኤ ፎን የሚባል ትንሽ ኩባንያ አንድ ዕቃ ሠራ። የመነጋገሪያው አፍ ላይ የሚገጠም ኩባያ መሳይ ነገር ነው። ሽቦ የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው። አጠገባችሁ ያለ ሰው የምታወሩትን እንዳይሰማ ድምፃችሁን ይከልላል፣ በቃ። ኤቲ ኤንድ ቲ ከለከለ። የእኛ ባልሆነ ዕቃ ሲስተማችን ይጎዳል አለ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ለኩባንያው ወገነ። በ1956 ጉዳዩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹ ሰው መዳፉን አጥፎ አፉ ላይ ቢይዝ ያው አይደለም ወይ ብለው ትንሹን ኩባንያ ደገፉ።

ከ12 ዓመት በኋላ ሁለተኛው መጣ። ቶማስ ካርተር የተባሉ የቴክሳስ ሰው በየነዳጅ ጉድጓዱ የሚውሉ ሠራተኞች በሬዲዮ ከስልክ መስመር ጋር የሚገናኙበትን ካርተርፎን የተባለ ዕቃ ሠሩ። በ1968 ተቆጣጣሪው ፈቀደ፤ መስመሩን እስካልጎዳ ድረስ ማንም የራሱን ዕቃ ማገናኘት ይችላል ተባለ። ከዚያ የሆነውን አስቡት። የድምፅ መቅጃው፣ ፋክሱ፣ ሞደሙ መጣ። ኢንተርኔት ወደ ቤት የገባው በዚያው የስልክ መስመር፣ በሞደም በኩል ነው። የኩባያዋን ክርክር ያሸነፈው ኤቲ ኤንድ ቲ ቢሆን ኖሮ ሞደም ለማገናኘት ማን ፈቃድ ይሰጥ ነበር?

«ሲስተማችን ይጎዳል» የሚለው መከራከሪያ ዛሬም በሕይወት አለ። አፕል ሰው ከሌላ መደብር አፕ እንዳያወርድ፣ በሌላ መንገድ እንዳይከፍል ሲከለክል የሚያነሳው ደኅንነትን ነው። ደኅንነቱ ውሸት ነው አልልም። አጭበርባሪ አፕ ሞልቷል። ግን ከደኅንነቱ ጋር እስከ 30 በመቶ ኮሚሽንም አብሮ ይመጣል። በ2021 ፎርትናይት የሚባለውን ጌም የሠራው ኤፒክ ባቀረበው ክስ ዳኛዋ ኢቮን ጎንዛሌዝ ሮጀርስ አፖች ደንበኛቸውን ወደ ውጭ መክፈያ መምራት ይችሉ ዘንድ አዘዙ። አፕል ፈቀደ። ከውጭ ክፍያውም ላይ 27 በመቶ ጠየቀ። በሩን ከፍቶ ደጁ ላይ ኬላ እንደ መትከል ነው። ዳኛዋ በሚያዝያ 2025 ትዕዛዛቸው ሆን ተብሎ ተጥሷል ብለው ወሰኑ።

የእነዚህ ክሶች ትልቁ ጠላት ጊዜ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒውተር አምራቹን አይቢኤምን በ1969 ከሰሰ፤ በ1982 ክሱን ጣለው። 13 ዓመት! ሆኖም በባዶ አልቀረም። አይቢኤም ክሱ በቀረበበት በዚያው ዓመት ሶፍትዌሩን ከማሽኑ ለይቶ እንደሚሸጥ አስታወቀ። ከዚያ በፊት ሶፍትዌር ማሽን ለወሰደ የሚሰጥ ምርቃት ነበር። ራሱን ችሎ የሚሸጥ ዕቃ ሲሆን የሚሸጡት ኩባንያዎች አቆጠቆጡ። አንዱ ማይክሮሶፍት ነው። በግንቦት 1998 ደግሞ ማይክሮሶፍት ራሱ ተከሰሰ፤ በዊንዶውስ ጉልበት ኔትስኬፕ የተባለውን ብሮውዘር ገፍቶ ጥሏል ተብሎ። በ2000 ለሁለት ይከፈል ተባለ። በ2001 ይግባኝ ሰሚው መከፈሉን ሻረ፣ ጥፋቱን ግን አጸና። ኔትስኬፕ እስከዚያ አልጠበቀም፤ ገና ክርክሩ እየተካሄደ ተሽጦ ነበር። ክሱ በተመሠረተበት ዓመት በመስከረም ግን አንድ ትንሽ ኩባንያ ተቋቁሟል። ጉግል ይባላል። ማይክሮሶፍት በችሎት ዓይን ሥር ባይሆን ኖሮ ያን ትንሽ መፈለጊያ ዊንዶውስ ላይ እንዲህ በነፃነት ያሳድገው ነበር ወይ? ማረጋገጥ አይቻልም። እኔ ግን አይመስለኝም።

ጊዜ የሚያደርሰውን ጉዳት ከሁሉ በላይ ያሳየው የፌስቡክ ባለቤት የሜታ ጉዳይ ነው። ፌስቡክ ኢንስታግራምን በ2012 በ1 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ኢንስታግራም ያኔ 13 ሠራተኛ ነበረው። ዋትስአፕን በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ማርክ ዙከርበርግ በ2008 በጻፉት ኢሜይል ከመወዳደር መግዛት ይሻላል ብለው ነበር። የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን በ2012 የኢንስታግራምን ግዢ መርምሮ ሳያግድ አሳለፈው። በታኅሣሥ 2020 ያው ኮሚሽን ከሰሰ። ችሎቱ የተጀመረው በሚያዝያ 2025 ነው። በኅዳር 2025 ዳኛ ጄምስ ቦስበርግ ለሜታ ፈረዱ። ሕጉ የሚጠይቀው ዛሬ ሞኖፖሊ መሆኑን ነው፣ ዛሬ ደግሞ ቲክቶክ አለ፣ ዩቲዩብ አለ፣ ገበያው ሌላ ሆኗል አሉ።

በዳኛው አልፈርድም። በፊታቸው በቀረበው ማስረጃና ሕግ ምክንያታቸው ይገባኛል። ግን ሂሳቡን እንየው። ከግዢው እስከ ፍርዱ 13 ዓመት። በሩ ሲዘጋ ዝም ተባለ። ሲከፈት ይታይ ሲባል ቤቱ ራሱ ቦታ ቀይሯል። ኢንስታግራም ብቻውን ቢያድግ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም፤ ምናልባት ይከስም ነበር፣ ምናልባት ፌስቡክን ስለ ግላዊነታችን ተጠንቅቆ እንዲሠራ የሚያስገድድ ባላንጣ ይሆን ነበር። የማናውቀው ነገር ደግሞ በማስረጃነት አይቀርብም። ለዚህ ነው ቁጥጥሩ መጥበቅ ያለበት ግዢው ላይ ነው የምለው፤ ያኔ ገና ሁለት ኩባንያ ናቸው።

አውሮፓ በዚህ መዘግየት ተቃጥላ ሌላ መንገድ ሞክራለች። ከቅጣት ተጀምሮ ነበር። ጉግል ላይ በ2017 2.42 ቢሊዮን ዩሮ፣ በ2018 ደግሞ 4.34 ቢሊዮን ዩሮ ተጣለ፤ የኋለኛው በይግባኝ በጥቂቱ ቀንሷል። ለእንዲህ ያለ ኩባንያ ይህ እንደ ግብር ነው፤ ይከፈላል፣ ይቀጠላል። ስለዚህ የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ወጣ። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ጥፋታቸው እስኪረጋገጥ አይጠበቅም፤ አስቀድሞ ይህን አድርጉ፣ ያንን አታድርጉ ይባላሉ። በዚያ ያሉ የአይፎን ተጠቃሚዎች ብሮውዘር የሚያስመርጥ ገጽ ይቀርብላቸዋል። ትልልቅ የመልእክት አፖችም ለሌሎች አፖች በራቸውን እንዲከፍቱ ይገደዳሉ፤ የእኔ ሦስት ጓደኞች ቢጠቅማቸው ደስ ይለኛል። ዋጋም አለው። አፕል በዚህ ሕግ ሰበብ አንዳንድ አዲስ አገልግሎቶቹን አውሮፓ ላይ አዘግይቷል። እዚያ ያለው ሰው ምርጫ ሲያገኝ አዲስ ነገር ዘግይቶ ይደርሰዋል። እኔ በዚህ ልውውጥ እስማማለሁ፤ የማይስማማውን ሰው ግን አልኮንንም።

ወደ ጉግል እንመለስ። ሜህታ ጥፋተኛ ካሉ በኋላ መንግሥት ክሮም የተባለው ብሮውዘር ይሸጥ ብሎ ጠየቀ። በመስከረም 2025 ዳኛው አይሸጥም አሉ። የብቸኝነት ውል ግን ተከለከለ። ብቁ ለሆኑ ተፎካካሪዎች የተወሰነ የፍለጋ ዳታ እንዲያካፍል ታዘዘ። ለዲፎልት መክፈል አልተከለከለም፤ ክፍያው ቢቆም ሞዚላን የመሰሉት ይጎዳሉ የሚል ስጋት ነበር። በኋላም የዲፎልት ውል ከአንድ ዓመት እንዳይበልጥ ተወሰነ። ብዙዎች ውሳኔውን ለስላሳ ነው ብለውታል። እኔ ክሮም አለመሸጡ አላስከፋኝም። የሚያሳስበኝ ክፍያው መፈቀዱ ነው። በየዓመቱ ጨረታ ከወጣ በየዓመቱ የሚያሸንፈው ኪሱ የጠለቀው ነው። ዳታ ማካፈሉ ግን ቁልፍ ነገር ነው። ያ የሚማርበት ያጣው ተፎካካሪ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ዳኛው ለጥንቃቄያቸው የሰጡት አንዱ ምክንያት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ቻትጂፒቲን የመሰሉት መጥተው ፍለጋን ራሱን እየለወጡት ነው ብለዋል። እውነት ነው። ግን በዚያው መዝገብ፣ በሚያዝያ 2025 በተካሄደው ችሎት ላይ የጉግል ኃላፊ አንድ ነገር መስክሯል። ኩባንያው ከጥር 2025 ጀምሮ ጀሚናይ የተባለውን የራሱን አስተውሎት ስልኮቹ ላይ አስቀድሞ እንዲጭንለት ለሳምሰንግ በየወሩ ይከፍላል። ክፍያው ሲጀመር የዲፎልት ውሎቹ ሕግ ጥሰዋል ከተባለ ገና አምስት ወሩ ነበር።

ሜህታ የብቸኝነት ክልከላውን ጀሚናይንም እንዲጨምር አድርገዋል። አሁን አዲስ ስልክ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙት። አንድ ድምፅ «ምን ልርዳዎት?» ይላል። የማን ድምፅ እንደሆነ እዩት። መርጣችሁት ከሆነም ራሳችሁን ጠይቁ።